የሹካው ማዕዘንና የየጁቤ ቁልቁለት

ብስክሌት ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የማርሹን ብዛት ነው፤ ሻጩም «ባለ 21 ማርሽ፣ የፊቱ ባለ ሞላ» እያለ ያሞግሳል። የፊት ሹካው ምን ያህል ተጋድሞና በየት በኩል ዞሮ እንደ ተገጠመ የጠየቀ ገዥ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። በእኛ እምነት ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር ከማርሹ ብዛት ይልቅ የነጂውን ደኅንነት የሚወስነው ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው የጁቤ ለዘመድ ጥየቃ ወርደን ነበር። የእኅታችን ልጅ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ ተቀበለን። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያሽቆለቁል ጠጠራማ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዝ ከአዲሱ ማውንቴን ብስክሌቱ መሪ በላይ ተወርውሮ ወድቋል። ቤተሰቡ በፍጥነቱ አሳበበ። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይስ እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። የሚያስቸግረኝ ዳገት ላይ ነው፤ መሪው ይከብዳል፤ ስጠመዘዝም ጫማዬ ከፊት ጎማው ጋር ይጋጫል» አለን። ብስክሌቱን አስወጥተን ስናየው ሹካው ከነፍሬኑ ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሟል። በካርቶን ተፈታቶ የመጣውን ዕቃ የገጣጠመው እጅ በ180 ዲግሪ ስቷል ማለት ነው።

«ታዲያ ቀጥ ብሎ ከሄደ ምን ጎደለው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት።

የመሪው ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ይህ ዘንግ እስከ መሬት ቢዘረጋ የሚያርፍበት ነጥብ፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርዝመት ፈረንጆቹ «ትሬይል» ይሉታል፤ እኛ «ተከታይ ርቀት» ብንለው ሳይሻል አይቀርም። በሬ የሚጎትተው ግንድ ከኋላው እንደሚሰለፍ ሁሉ፣ የፊቱም ጎማ በዚህ ርቀት ምክንያት ዘንጉን ተከትሎ ይቀናል። ዘንጉ ይበልጥ ሲጋደም ርቀቱ ይጨምራል፤ የጎማው እምብርት ከዘንጉ ወደ ፊት በወጣ መጠን ደግሞ ይቀንሳል።

የጎማው ሬዲየስ 33 ሴ.ሜ.፣ ዘንጉ ከአግድሙ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 71 ዲግሪ፣ እምብርቱ ወደ ፊት የወጣበት ርቀት 3.8 ሴ.ሜ. ቢሆን ተከታይ ርቀቱ 7.3 ሴ.ሜ. ይሆናል። ሹካው ሲዞር ይቀነስ የነበረው ስለሚደመር ከ15 ሴ.ሜ. ያልፋል። እንግዲህ ልጁ «ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ማለቱ እውነቱን ነው። ነገር ግን በዝግታ ዳገት ሲወጣ ያው ርቀት መሪውን ወደ ጎን ይጥለዋል። የከፋው ደግሞ የፊቱ ጎማ 7 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ነጂው መግባቱ ነው። የነጂውና የብስክሌቱ የክብደት ማዕከል ከፊት ጎማው ንክኪ 65 ሴ.ሜ. ወደ ኋላ ነበረ ብንል አሁን 58 ነው፤ ሳይገለበጥ ሊይዝ የሚችለው የፍሬን ኃይልም ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ቁልቁለቱ ከቀረው ላይ ይወስዳል። ዛሬ ለቁልቁለት ተብለው የሚሠሩ ብስክሌቶችም ተከታይ ርቀታቸው ከ12 ሴ.ሜ. ሊያልፍ ይችላል፤ እነርሱ ግን ይህን የሚያገኙት ዘንጉን እስከ 63 ዲግሪ አጋድመው፣ ጎማውን ከነጂው በማራቅ ነው።

እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። ዶክትሬታችንን ከውጭ አገር ይዘን ከተመለስን በኋላ ለዓመታት ብስክሌት የማይወድቀው በጎማዎቹ ጋይሮስኮፕነት ነው ብለን አስተምረናል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሚሾር ጎማ ስናገላብጥ ተማሪው ያጨበጭባል። ዴቪድ ጆንስ የተባለ ብሪታንያዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 በ«ፊዚክስ ቱዴይ» ባሳተመው ጽሑፍ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሾር ተጨማሪ ጎማ ገጥሞ የጋይሮስኮፑን ውጤት ቢያጠፋም ብስክሌቱን መንዳት እንደቻለ አሳይቶ ነበር። እርሱም ትልቁን ድርሻ ለተከታይ ርቀት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በ«ሳይንስ» መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ሁለቱም ሳይኖሩት ሲገፋ በራሱ ሚዛኑን የሚጠብቅ ብስክሌት ቀረበ፤ የክብደት አቀማመጥም ድርሻ አለው። (መሪ ላይ ጄሪካን የሚያንጠለጥሉ ልብ ይበሉ!)

ስለዚህ በአንደኛ ዓመት የመካኒክስ ቤተ ሙከራ ከሚሾረው ጎማ ጎን አንድ ሙሉ ብስክሌት እንዲቆም እንጠይቃለን። መለኪያው የግንበኛ ቱንቢ፣ ቀጥ ያለ እንጨትና ሜትር ብቻ ነው፤ ተማሪውም በዕረፍት ወደ ወረዳው ሲመለስ ለብስክሌት ጠጋኙ ሊያሳየው ይችላል።

የየጁቤውን ሹካ ፈትተን ለማዞር ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። የእኅታችን ልጅ ክንዱ ድኖ በነዳበት የመጀመሪያ ቀን ግን «መሪው ቀለለብኝ» ብሎ አማረረ።