ማኅተሙ ርክክብ አለው፤ የይለፍ ቃሉስ?

በዳምቦያም ሆነ በሆሳዕና አንድ የመንግሥት ኃላፊ ከቦታው ሲነሣ ማኅተሙን፣ ቁልፉንና ንብረቱን በፊርማ ያስረክባል። የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ የይለፍ ቃል ግን ብዙ ጊዜ በርክክብ ቅጹ ላይ የለም፤ ከተነሣው ሰው ስልክ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መዋቅሩ እንደ አዲስ ተደራጅቷል። ባለሙያዎች ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ተዛውረዋል። ሰው ሲዛወር ድረ ገጹ ላይ ያለው መብት አብሮ ካልተነሣ፣ የቀድሞ ሠራተኛ በአዲሱ መሥሪያ ቤት ስም መናገር ይችላል ማለት ነው።

መፍትሔው ከውጭ አገር የሚገዛ አይደለም። ብዙ ተቋማት የሚጠቀሙበት ዎርድፕሬስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን አምስት የመብት ደረጃዎች አሉት፦ አስተዳዳሪ፣ አርታኢ፣ ጸሐፊ፣ አበርካች እና ተመዝጋቢ። አበርካቹ ዜና ይጽፋል እንጂ አያወጣም፤ አርታኢው አይቶ ያወጣል። ሁሉንም «አስተዳዳሪ» ማድረግ ግን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ማኅተም እንደ ማደል ነው።

በሰርቨሩ በኩልም ያው ነው። ፎቶ አልጫን ሲል ፈጥኖ የሚደረገው ፎልደሩን 777 ማድረግ ነው። ያ ቁጥር በሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ ይፈቅዳል። የተለመደው ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ነው። በዚህ ካልሠራ መጣራት ያለበት የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው።

«ባለሙያው አንድ ነው፤ እሱ ከሌለ ሥራ ይቆማል» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት አለው። ለዚህ ግን ሁለተኛ አስተዳዳሪ በተጠባባቂነት መመደብ ይበቃል፤ አሥር ሰው አያስፈልግም።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ አስታውቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ጠላቱ ከውጭ ነበር። ያልተሻረ መብት ግን ከውስጥ የተተወ ክፍት በር ነው። በመሥሪያ ቤቱ ገጽ የሐሰት የሥራ ቅጥር ወይም የማዳበሪያ ማስታወቂያ ቢወጣ፣ ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያጣው ገጹን ያመነው ሥራ ፈላጊና ገበሬ ነው።

ስለዚህ የርክክብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የድረ ገጽ መብቱ ተነሥቷል፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል»። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የኃላፊ ፊርማ ብቻ ይጠይቃል።