«ግፉ!» ከማለት በፊት

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቆቦ ላይ መኪና አልነሣ ሲል መፍትሔው የታወቀ ነው፤ «ግፉ!» ይባላል። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም እጁን አራግፎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ለምን እንዳልተነሣ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ስለዚህም በማግሥቱ ያው ግፊያ ይደገማል።

መግፋት ነውር ነው አንልም። የምንለው፥ መግፋት ራሱ ምርመራ መሆኑን ዘንግተናል ነው። ተገፍቶ የተነሣ መኪና ነዳጁ እንደሚደርስና ሞተሩ ደኅና እንደ ሆነ ነግሮናል፤ ሕመሙ ያለው ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መሥመር ነው። እኛ ግን መልሱን አቧራው ላይ ጥለነው እንሄዳለን።

ደግነቱ ሕመሙ ድምፅ አለው። ቁልፉ ሲዞር ሁሉም ነገር ዝም ካለና መብራትም ካልበራ፥ ባትሪው ባዶ ሆኗል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ከተጣደፈ ባትሪው ደክሟል። መብራቱ ደምቆ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ካለ፥ ሞተሪኖውን ወይም ገመዱን እንጠርጥር። ሞተሩ በኃይል እየዞረ አልይዝ ካለ ግን ባትሪውን እንተወው፤ በቤንዚን መኪና የካንዴላውን እሳትና ነዳጁን፥ በናፍጣ መኪና ነዳጁን እንከተል። ናፍጣው ሲዞር ከጭስ ማውጫው ምንም ካልወጣ፥ ነዳጁ ወደ ሞተሩ አልደረሰም፤ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም አየር ገብቷል ማለት ነው።

የራያ ቆላ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው ባትሪን የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል። ብርድ ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ ዕድሜውን የሚበላው ሙቀት ነው፤ ውኃው ይተንናል፥ በውስጡ ያለው እርሳስ ፈጥኖ ይበላል። የደሴ ሹፌር ቢቸግረው ቁልቁለት ያግዘዋል፤ የቆቦ ሜዳ ግን ይህን አያደርግም።

የመገመት ዋጋ የሚከፈለው ከድኻ ኪስ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ሊያሳይ ይገባል፤ ከፍ ካላለ ዲናሞው አይሞላም። ይህን ሳይለካ አዲስ ባትሪ የገዛ ሹፌር ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት የሞቱ ባትሪዎች ይኖሩታል። በዚህ መካከል ሽንኩርቱ ጭነት ላይ ይበሰብሳል፤ ምጥ የያዛትም እናት ወልድያ ሳትደርስ ትዘገያለች። በቆቦ ማሳ ከጕድጓድ ውኃ የሚስበው የናፍጣ ሞተርም የሚታመመው በዚሁ ሕግ ነው።

«ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እንግዲያውስ እንጠይቀው። እኛ ትምህርቱን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። መካኒኩ የሚናገረው ካንዴላ፥ ሞተሪኖ፥ ፊልትሮ እያለ፥ ከጣልያን በወረሰው ቃል ነው። ባለመኪናው ደግሞ «እምቢ አለኝ» ከማለት በቀር ቃል የለውም። ሦስቱ ካልተገናኙ ዕውቀቱ በደብተራችን ታስሮ ይቀራል።

ሌላው ደግሞ «መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ ይህ ዕውቀት ሊያረጅ ነው» ይለናል። የኤሌክትሪኩም አውቶሞቢል ግን ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይዞ ይዞራል፤ እርሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እንኳ መኪናው ላይነቃ ይችላል። ያን ጊዜ መግፋት አያስነሣውም፤ የሚቀረን መጠየቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ሥራ ይጀምር እንላለን። ከአካባቢው መካኒኮች ጋር ተቀምጦ፥ ከላይ ያልነውን በእነርሱ ቃል በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ይባዛ፤ በቆቦ፥ በሮቢትና በጎብዬ መኪና በሚቆምበት ሁሉ ይለጠፍ። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም አንዳንድ የቮልት መለኪያ እንያዝ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ብለዋል፤ ተማሪ ነን ካልን ከሥሩ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።