«ፊልም እኮ ነው» ለልጅ መልስ አይሆንም

ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም። የማወራው ማታ ማታ ቤታችን ስለሚከፈተው ፊልም ነው። የሚቆጣኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰዎችን አንድ በአንድ እያደነ ስለሚገድል ወንጀለኛ የሚሠሩ ተከታታይ ፊልሞች በዝተዋል። ብዙ ካነጋገሩት አንዱ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ያወጣው ባለ 10 ክፍሉ «ዳህመር» ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ጄፍሪ ዳህመር የተባለው አሜሪካዊ ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ወጣቶችንና ታዳጊዎችን ገድሏል። ፊልሙ በወጣ በ60 ቀናት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ሰዓት በላይ ታይቷል፤ መሪ ተዋናዩ ኢቫን ፒተርስም የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝቶበታል። ከሟቾቹ የአንዱ እህት ግን ማንም እንዳላማከራት፣ ፍርድ ቤት ውስጥ የተናገረችውን በተዋናይ ተደግሞ ስታየው ያ ቀን እንደተመለሰባት ተናግራለች። አንዱ «ድንቅ ሥራ ነው» ሲል ሌላው «በሰው ሐዘን ገንዘብ መሥራት ነው» አለ።

እኛም ጋ ክርክሩ አለ። አንዱ ወገን «ይሄ ነው ትውልዱን ነፍሰ ገዳይ የሚያደርገው፣ ይከልከል» ይላል። ሌላው «ፊልም እኮ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ» ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

መጀመሪያ ለከልካዮቹ። እንዲህ ያለ ፊልም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያያል፤ አይቶም ሥራው ይሄዳል። ፊልም ብቻውን ጤነኛን ሰው ገዳይ ያደርጋል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ትልቅ ሰው የሚያየውን ይምረጥ። የግድያን ምክንያት ሁሉ ፊልም ላይ መለጠፍም እውነተኛውን ምክንያት ከመፈለግ ያዘናጋናል።

አሁን «ፊልም እኮ ነው» ለምትሉት። የእኔ ጥያቄ ልጁ አድጎ ገዳይ ይሆናል ወይ አይደለም። ጥያቄዬ ልጁ ዛሬ ማታ ይተኛል ወይ ነው። ወላጆች ወደ እኛ ዘንድ ይዘው የሚመጡት ችግር ይህ ነው፦ ሌሊት እየባነነ የሚጮህ፣ ደረቅ ሆኖ ከቆየ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» እያለ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል፣ ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ የሚፈራ ልጅ። ለዚህ ሁሉ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን «ማታ ምን ያያል?» ብለን ስንጠይቅ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ «እሱ አያይም፣ እኛ ስናይ አጠገባችን ይጫወታል» የሚል ነው። አጠገባችሁ የሚጫወት ልጅ ያያል፤ ባያይ እንኳን ይሰማል።

ጥናቱም ይህን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ከ150 በሚበልጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከ10 ተማሪዎች 9 ያህሉ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ክፉኛ ያስፈራቸውን ፊልም ወይም ፕሮግራም አስታውሰዋል። ሩብ ያህሉ ደግሞ ፍርሃቱ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዳልለቀቃቸው ተናግረዋል። በ2012 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣው ሌላ ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች ያሏቸውን 565 ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለአንደኛው ክፍል የተሰጠው ምክር «ቴሌቪዥኑን አጥፉት» የሚል አልነበረም፤ ጠብና ግድያ ያለበትን ለዕድሜያቸው በሚሆን ፕሮግራም ቀይሩት የሚል ነበር። የእነዚያ ልጆች እንቅልፍ ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ።

«ልጆቻችን በበዓል በግ ሲታረድ እያዩ አይደል የሚያድጉት?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ ያያሉ። ያኔ ግን አባት አጠገቡ ቆሟል፣ ቀን ነው፣ ለምን እንደሚታረድ ይታወቃል፣ ከዚያም ቤተሰቡ አብሮ ይበላል። በፊልሙ የሚታደነው ሰው ነው፤ የሚታደነውም በቤቱ፣ በጨለማ ነው። ሙዚቃው የተሠራው ፍርሃቱ እንዳይለቅ ነው፤ ክፍሉ የሚያልቀውም ልብ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ነገ ተመልሳችሁ እንድታዩ። ትልቅ ሰው ለዚህ ስሜት ብሎ ይከፍታል። ልጁ ግን አልመረጠውም።

«ከክፉ ሰው እንዲጠነቀቁ ያስተምራል» የሚልም አለ። አያስተምርም። ልጆችን የሚጎዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው እንጂ በጨለማ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ልጃችሁን ማስጠንቀቅ ከፈለጋችሁ «ማንም ሰውነትህን ያለ አግባብ ቢነካህ፣ ‹ለእናትህ እንዳትናገር› ቢልህም ንገረኝ» በሉት። ይህን ለመንገር ደም ማሳየት አያስፈልግም።

ደግሞም እኛ የምንኖረው ሻሸመኔ ነው። በነሐሴ 2010 እዚሁ ከተማችን በአደባባይ የተፈጸመው ግድያ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ስንት ልጅ እንዳየው አስቡ። በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ቤትና ሱቅ ሲቃጠል ጭሱን ያየ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሸሸ ልጅ አለ። ያኔ የ5 ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «አይዞህ፣ ይሄ በእውነት አይሆንም» ብላችሁ ማሳመን አትችሉም፤ ሲሆን አይቷል። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የመጣ ክርክር ይዘን «ፊልም እኮ ነው» ማለት እዚህ አይሠራም። በዚህ ከተማ ልጅን ከተጨማሪ ፍርሃት መጠበቅ ቅንጦት አይደለም።

ምን እናድርግ?

1. የዕድሜ ገደቡን ራሳችሁ ጠብቁ። ኔትፍሊክስ ላይ «ለአዋቂዎች» የሚል ምልክት አለ። በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ተጭኖ፣ በአማርኛ ተተርኮ የሚመጣው ፊልም ግን ብዙ ጊዜ ያ ምልክት አይኖረውም። እንደ ምልክት ሆኖ የሚያገለግለው ወላጅ ብቻ ነው።

2. ብዙዎቻችን የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። «ልጁን ወደ ክፍሉ ላኩት» አልላችሁም። ወይ በስልክና በማዳመጫ እዩት፣ ወይ ልጁ በደንብ ከተኛ በኋላ ድምፁን ቀንሳችሁ እዩት፣ ወይ ተዉት። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ግን የግድያ ፊልም አይከፈት።

3. የፈራ ልጅ አይሳቅበት። «ወንድ ልጅ ይፈራል እንዴ?» አትበሉት። ለማስተኛትም «ገዳዩ ይመጣብሃል» ብላችሁ አታስፈራሩ። ትንንሽ ልጆችን፣ በተለይ ከ7 ዓመት በታች ያሉትን፣ «እውነት አይደለም» ማለት ብቻውን አያረጋጋቸውም፤ ማቀፍ፣ ውኃ መስጠት፣ መብራት ማብራት፣ አብሮ መተኛት ይሻላል። ከፍ ያሉትን ግን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ፤ ፊልሙ እንዴት እንደሚሠራም አስረዱ።

4. ቅዠትን ከሌሊት መባነን ለዩ። ልጁ ከተኛ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ቢጮህ፣ ዓይኑ ተከፍቶ ባያውቃችሁ፣ ጠዋትም ምንም ባያስታውስ ከከባድ እንቅልፍ በግማሽ መንቃቱ ነው። ቡዳ አይደለም። በግድ አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ጠብቁት፣ ራሱ ተመልሶ ይተኛል። የእንቅልፍ ማነስ፣ ትኩሳትና ጭንቀት ያባብሱታል። ቅዠት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ንጋት ይመጣል፤ ልጁም ያስታውሰዋል።

5. ወደ ሐኪም አምጡት፦ ሰውነቱ እየገተረ ወይም እየተንቀጠቀጠ ምላሱን ከነከሰ፤ ለስድስት ወር ያህል ደረቅ ሆኖ ከቆየ በኋላ መሽናት ከጀመረ (የሽንት ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታ መመርመር አለበት)፤ ፍርሃቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፤ ወይም ከትምህርትና ከጨዋታ ከራቀ። በተለይ ያየውን እውነተኛ ግጭት በጨዋታው ወይም በሥዕሉ ደጋግሞ የሚያሳይ ልጅ እርዳታ ይፈልጋል።

በመጨረሻ፣ ጉዳዩ የቤት ብቻ አይደለም። ከሻሸመኔ መናኸሪያ በሚነሣው አውቶቡስ፣ በጁስ ቤቱ፣ በፀጉር ቤቱ ሕፃን ተቀምጦ ሰው የሚታረድበት ፊልም ሲከፈት ዝም አንበል። «ወንድሜ፣ ልጆች አሉ፣ ቀይርልን» ማለት ነውር አይደለም። ባለአውቶቡሶችና ባለሱቆችም፦ ደንበኛችሁ ትልቁ ሰው ብቻ አይደለም።

ዳህመር ጥሩ ፊልም ነው ወይስ መጥፎ? ትልልቆቹ ተከራከሩበት፤ ክርክሩ መልካም ነው። ልጆቹ ግን የክርክሩ ወገን አይደሉም። እነሱ ከተኙ በኋላ እንከራከር።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ። ለልጆቻችን ሰላማዊ እንቅልፍ ይሁን።