ምነው ሬስ በሆነ!

ከባሕር ዳር አዴት፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚበር ሚኒባስ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ይሄን ያውቃል። አንዱ ተሳፋሪ ነፍሱ ሲጨነቅ «ኧረ ወንድሜ፣ ሬስ ላይ ነን እንዴ?» ይላል። ሾፌሩም እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ነዳጁን ይረግጣል።

እኔ ግን ምነው ሬስ በሆነ እላለሁ!

በሰው አገር ለፍቅሩ ብለው የሚወዳደሩ አማተሮች አሉ። ሜዳው ከመግባታቸው በፊት ሰብስበው ሕጉን ይነግሯቸዋል። በጀማሪዎች ልምምድ ላይ የፊተኛው እጁን አውጥቶ «በዚህ በኩል እለፍ» ካላለ የኋለኛው ንቅንቅ የለም። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ መቅደም ክልክል ነው። አራቱም ጎማ ከነጩ መስመር ከወጣ ያ ዙር ሊሰረዝበት ይችላል።

ጨዋነቱስ እኛም ዘንድ ነበር። ዳገት ላይ ቀኝ ፍሬቻ አብርቶ «ክፍት ነው፣ እለፍ» የሚል ነባር የከባድ መኪና ሾፌር ሞልቷል። የኋለኛው ነው ያስቸገረው። ፍሬቻውን ሳይጠብቅ ኩርባ ላይ ይወጣል፤ ከፊቱ አይሱዙ ብቅ ሲል ወደ መንገዱ ዳር ይጠመዘዛል። ውድድር ሜዳ ላይ ከመስመሩ ውጭ ብዙ ጊዜ የሚጠብቅህ የሳተውን መኪና የሚይዝ ጠጠር ነው። እዚህ ከመስመሩ ውጭ ያለው ሰው ነው፦ በርበሬ የጫነች አህያውን የሚነዳ ገበሬ፣ ደብተሯን ያቀፈች ተማሪ። «ክላክስ አድርጌ ነበር እኮ!» ይልሃል ደግሞ። ክላክስ የሰው መሄጃ መግዣ ሆነ?

ከሁሉ የሚያናድደው ቀድሞ መቆም ነው። በርሮ ያልፍህና እጁን ለዘረጋ ተሳፋሪ አፍንጫህ ላይ ፍሬን ይይዛል። ሰኔ 4 ቀን 1947 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ በለማን የ24 ሰዓት ውድድር የሆነው ይሄው ነው። ማይክ ሃውቶርን በጃጓሩ ላንስ ማክሊንን ቀድሞ ወዲያው ለመቆም ፍሬን ያዘ። ማክሊን ሊሸሸው ወደ ግራ ሲል ከኋላ የሚመጣው የፒየር ሌቬ መርሴዲስ ላዩ ላይ ወጣ፤ ስብርባሪው ተመልካች መሃል ገባ። ከ80 በላይ ሰው አለቀ። ምርመራው ማንንም ሾፌር ለይቶ አልወነጀለም፤ ችግሩ የሜዳው አሠራር ነው አለ። እነሱም ያንን ስፍራ አፍርሰው ሠሩት። ስዊዘርላንድማ የዙር ውድድርን በአገሯ እስከ መከልከል ደረሰች።

እኛስ? ባለንብረቱ «የዛሬው ገቢ ካልሞላ ቁልፉን አምጣ» ይላል። ረዳቱ «ንካው!» ይላል። ተሳፋሪውም፣ ያው ቅድም ሲጨነቅ የነበረው፣ ሌላውን ሚኒባስ ሲቀድሙ ደስ ይለዋል። ትራፊኩ ትርፍ ሰው ይቆጥራል፤ ኩርባው ጋ ቆሞ ማን በየት በኩል እንደ ቀደመ የሚያየው ግን ስንቱ ነው? በእግረኛ መሄጃ የቀደመ ሾፌር እንደ ትርፍ ጫኝ በገንዘብ ብቻ መለቀቅ የለበትም፤ መንጃ ፈቃዱ ይያዝ።

ለነገሩ ቡሬ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ፣ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ግማሽ ቀን የሚውል ሰው ነው እኮ እንዲህ የሚጣደፈው!