ሰሙን ይዘን ወርቁን ስንጥል፦ የአትላንታው የታሪክ ምሁር ለእኛ ያላቸው ቁም ነገር

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን እጩዎችን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ2007 በዴሞክራቱ ዶናልድ ፔይን የቀረበው ኤች.አር. 2003 በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ አጨበጨብን። የሪፐብሊካኑ ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ ሲቃወሙትና ሴኔት ውስጥ ተዳፍኖ ሲቀር ደግሞ ሪፐብሊካኖችን ረገምን። በ2021 ነገሩ ተገለበጠ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ በባይደን አስተዳደር የተቆጡ ወገኖቻችን ቨርጂኒያ ላይ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። አገራችን ናትና ጥያቄውን አንነቅፍም። ነገር ግን እጩው ስለ ኢትዮጵያ ሲናገር እየሰማን፣ እዚሁ በምንኖርበት አገር ስለ እኛ የሚወጣውን ሕግ አናነብም።

ይህን ንባብ ሊያስተምሩን ከሚችሉት አንዱ በአትላንታው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት የታሪክ ምሁር ዳን ካርተር ናቸው። የሳውዝ ካሮላይና ተወላጅ ናቸው። በ1969 ያሳተሙት መጽሐፍ በ1931 አላባማ ውስጥ በሐሰት ስለተከሰሱት ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ነበር። ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው ግን በ1995 ያወጡት የጆርጅ ዋላስ የሕይወት ታሪክ ነው።

ዋላስ በ1958 ለአላባማ ገዥነት ተወዳድሮ ከእሱ በባሰ ዘረኛ ቅስቀሳ ተሸነፈ። ትምህርቱን ወሰደ። በጥር 1963 ገዥ ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም የዘር መለያየት ለዘላለም እንደሚኖር ፎከረ። ያንን ንግግር የጻፈለት ኤሳ ካርተር የተባለ የኩ ክላክስ ክላን ሰው ነበር። ይህ ሰው ኋላ ስሙን ፎረስት ብሎ ለወጠና በ1976 የቸሮኪ ሕንዳዊ ልጅ የአስተዳደግ ትዝታ ነው ያለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በ1991 በኒውዮርክ ታይምስ የእውነተኛ ታሪክ መጻሕፍት ዝርዝር አንደኛ ሲወጣ ዳን ካርተር እዚያው ጋዜጣ ላይ ማንነቱን አጋለጡ፤ ጋዜጣው መጽሐፉን ወደ ልብ ወለድ ዝርዝር አዛወረው። ምሁሩ ነገሩን አልተዉትም፤ በ2023 ስለ ሰውየው ሙሉ መጽሐፍ አወጡ። (በብዕር ስም የሚጽፍ በእኛም መንደር አልጠፋም፤ ይህኛው ግን ስም ብቻ ሳይሆን ዘርም ቀይሯል!)

ወደ ዋላስ እንመለስ። በ1968 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አገኘ፤ ካሸነፈባቸው አምስት ክፍላተ ሀገር አንዷ ይህችው ጆርጂያ ነበረች። ያኔ ጥቁርን በስሙ መጥራት ትቶ ነበር። የሚናገረው ስለ ወንጀል፣ ስለ ግብር፣ ስለ ዋሽንግተን ቢሮክራቶች፣ በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር ስለሚጓጓዙ ተማሪዎች ነበር። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ባዕድ ጥበብ አይደለም፤ አድማጩ ወርቁን ያውቀዋል። በ1972 ለሲልቨር ስፕሪንግ ወገኖቻችን ቅርብ በሆነችው ሎሬል ላይ ተመትቶ ሽባ ሆነ፤ በማግስቱ ሜሪላንድንም ሚሺጋንንም አሸነፈ።

ካርተር በ1996 ባወጡት ሌላ መጽሐፍ መስመሩን ከዋላስ በኒክሰንና በሬገን በኩል እስከ ኒውት ጊንግሪች ይስባሉ። ጊንግሪችም የታሪክ ምሁር ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱ ቤልጂግ በኮንጎ ስላካሄደችው የትምህርት ፖሊሲ ነበር። የአትላንታን ዳርቻ ወክሎ ኮንግሬስ ገብቶ በጥር 1995 አፈ ጉባኤ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ያ ኮንግሬስ ያወጣቸው ሁለት ሕጎች ቀጥታ እኛ ቤት ገቡ። በነሐሴ 1996 የወጣው የድጎማ ሕግ ግሪን ካርድ ላላቸው ሰዎች ፉድ ስታምፕንና የአረጋውያንን ኤስ.ኤስ.አይ. ከለከለ፤ ከፊሉ በኋላ ተመለሰ። አዲስ ገቢው ለብዙዎቹ የፌዴራል ድጎማዎች አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ተደረገ። በመስከረም የተከተለው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ቤተሰቡን የሚያስመጣ ሰው ፈርሞ የሚገባውን የስፖንሰርነት ቃል በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ አደረገው፤ ጥገኝነት ጠያቂም አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያመለክት ገደብ ጣለ።

ሁለቱንም ፈርሞ ያጸደቀው ዴሞክራቱ ክሊንተን ነው። ለብዙዎቻችን በር የከፈተውን ዲቪን ያቋቋመውን የ1990 ሕግ የፈረመው ደግሞ ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ ነበር። የፓርቲ ስም ብቻ ይዞ ለሚፈርድ ሰው ይህ አይገጥምለትም።

ምሁሩን የሚሞግቱ አሉ። ኬቨን ክሩዝ በ2005 ስለ አትላንታ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ያየው ከዋላስ ንግግር ይልቅ ከከተማዋ ወደ ዳርቻ ከሸሹት ነጭ ቤተሰቦች አንጻር ነው። ግዊኔት ካውንቲ በ1971 የማርታን ባቡር አልፈልግም ያለው በዚያ ዘመን ነው። እኛም የምንለው አለን፤ ግብር ይቀነስ ያለ ሁሉ ዘረኛ አይደለም። በሳምንት ሰባት ቀን ሱቁን ከፍቶ የሚውለው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የማይቀረው ወገናችን ብዙ የወግ አጥባቂዎችን ሐሳብ ከልቡ ይጋራል፤ መብቱም ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ «ሕግ ይከበር»፣ «ድጎማ ይቀነስ» ሲባል ገደቡ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እናነባለን ወይ?

ያ የአንድ ዓመት የጥገኝነት ገደብ እኮ ከወጣ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ዴሞክራቶችም ሪፐብሊካኖችም ሥልጣን ይዘዋል፤ ገደቡን የሻረው የለም። ለኤች.አር. 2003 ፊርማ ያሰባሰብነው እኛም ስለዚህ ጉዳይ የኮንግሬስ ደጅ አልረገጥንም።