የምክትል አፈ ጉባኤው ወንበር ለማን?

የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ላይ ድምፅ ሰጠ። መጀመሪያ የተነገረው ቁጥር 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠይቃል። በወቅቱ ከነበሩት 539 አባላት ሲሰላ 360 ድምፅ ማለት ነው። 346 አይበቃም። ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ በስሕተት መነገሩ ተገለጸና የድጋፍ ድምፁ 395 ሆነ።

ማስተካከያው ትክክል ሊሆን ይችላል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያን ቀን መድረኩ ላይ ከተቀመጡት መካከል «እኔም ቆጥሬያለሁ» ቢል ተቃዋሚውም ደጋፊውም የሚያምነው ሰው ማን ነበር?

አፈ ጉባኤነት ወንበር ማሞቅ ብቻ አይደለም። ዕድል የሚሰጠው፣ ንግግር የሚያቋርጠው፣ ደንብ የሚተረጉመው፣ ድምፅ የሚያስቆጥረው እሱ ነው። እሱ በሌለበት ይህ ሁሉ ሥልጣን ለምክትሉ ያልፋል። ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመውን ሁሉ ብትጠይቁ የምክትል አፈ ጉባኤዋን ስም የሚነግራችሁ ስንት ሰው ታገኛላችሁ? (ከ2014 መስከረም ጀምሮ ወይዘሮ ሎሚ በዶ ናቸው፤ ቀድሞ የጨፌ ኦሮሚያ አፈ ጉባኤ ነበሩ።) ጥፋቱ የሰልፈኛው አይደለም። ወንበሩ ራሱ የገዥው ፓርቲ የሹመት ድልድል አንድ መስመር ተደርጎ ስለሚታይ ማንም ልብ አይለውም።

ልብ ያላለው ምን እንደሚደርስበት ፓኪስታንን እዩ። መጋቢት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ካን ላይ የቀረበውን የመተማመኛ ድምፅ ጥያቄ ውድቅ ያደረገው አፈ ጉባኤው ሳይሆን ምክትሉ ቃሲም ሱሪ ነበር። ድምፅ ሳይሰጥ ስብሰባው ተዘጋ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። ከአራት ቀን በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሻረው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ማን ይሽረዋል? መልሱን ለሕግ ባለሙያዎች ልተወው።

ሕንድ ደግሞ ምክትሉን ለተቃዋሚ መስጠት የቆየ ልማድ ነበራት። ከ2019 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በነበረው የምክር ቤት ዘመን ግን ሕገ መንግሥቷ ምረጡ እያለ ጭራሽ ሳይመረጥ አምስት ዓመት አለፈ። ልማድ ብቻውን ዋስትና የለውም፤ ደንብ ውስጥ መጻፍ አለበት።

«ተቃዋሚ የት አለና?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ2002ቱ ምርጫ ማግስት ከ547 ወንበር የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በ2007 እሳቸውም አልነበሩም። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። በዚሁ ምክር ቤት ግን የአብኑ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ መርተዋል። ሰብሳቢነታቸው በ2015 ከመታሰር አላዳናቸውም፤ ተቃዋሚ ሰብሳቢ ሲሆን ሰማይ እንደማይደፋ ግን አሳይቷል።

ደግሞም 88ቱን አትርሱ። የ2007ቱ ምክር ቤት አንድም ተቃዋሚ አልነበረውም፤ 88ቱ እምቢ ባዮች ከራሱ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ወንበሮች የተነሡ ናቸው። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ሁሌም እዚያ አዳራሽ ውስጥ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ምክትሉን ከገዥው ፓርቲ ውጭ ያሉ አባላት ይጠቁሙ፤ እነሱ ከሌሉ አባላቱ ከመካከላቸው በምሥጢር ድምፅ ይምረጡ። እጅ አውጥቶ ከላይ የመጣን ስም ማጽደቅ ምርጫ ነው ለማለት ይከብደኛል። የተመረጠውም በዘመኑ ከፓርቲው የሥራ አስፈጻሚ ይውጣ።

ከአዲስ አበባ 23 ተወካይ ወደዚያ አዳራሽ ይገባል። ላፍቶም ሆነ መካኒሳ ዕጩ ድምፅ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ፣ ስለ መንገዱና ስለ ውኃው ከጠየቃችሁት በኋላ አንድ ጨምሩለት፦ በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ለምክትል አፈ ጉባኤነት የሚቀርበውን ሰው ማንነት ሳታውቅ እጅህን ታወጣለህ?