ስለ አሮጌ አውቶሞቢል መግዛት

በትምህርት ቤታችንም ሆነ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። ይኸውም «በእጃችን ያለው ገንዘብ አዲስ መኪና አይገዛም፤ አሮጌ ብንገዛ እንዳንታለል ምን እንመልከት?» የሚል ነው። የጥያቄው መብዛት አያስደንቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚከፈለውን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ዓይኑን የሚጥለው ቀድሞ በገቡትና ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ በኖሩት ላይ ነው።

ስለ ሁሉም ዓይነት መኪና ለመናገር የሚበቃ ዕውቀት የለንም። ስለ አንዲቱ ግን፣ ሕዝባችን ቮልስ እያለ ስለሚጠራት ስለ ቮልስዋገን፣ ገንዘብ ከፍለን ተምረናልና የተማርነውን እንጽፋለን። ብዙው ነገር ለሌላዋም መኪና ይሆናል።

ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በ1995 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በሜክሲኮ አገር ሥራዋ ተፈጸመ። እንግዲህ የመጨረሻዪቱ እንኳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በአገራችን የሚገኙት አብዛኞቹ ደግሞ ከዚህች እጅግ የቀደሙ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ስለ ሆነ፣ ይህንኑ ታሪክ እያወሳ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ አጋጥሞናል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርሱን መኪና ወለል ከዝገት አያድነውም።

እኛ በ2004 ዓ.ም. አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ገዛን። ገንዘቡ ከፊሉ የዕቁብ ዕጣ፣ ከፊሉም ባለቤታችን ለልጆች ትምህርት ብላ ያስቀመጠችው ነበር። ደላላው በቀትር ቀጥሮን ስንደርስ ሞተሩ ሞቆ ቆየን፤ ቁልፉ ገና ሲነካ ተነሣ። ቀለሙ ፊት ያሳያል፤ ወለሉ አዲስ ምንጣፍ ለብሷል። ደስ ብሎን ከፈልን። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ በበረታ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠው ትንሹ ልጃችን «አባዬ፣ መንገዱ በእግሬ ሥር ይታየኛል» አለን። አቁመን ምንጣፉን ብንገልጠው፣ ወለሉ ተበልቶ በላዩ ቀጭን ቆርቆሮ ተጣብቆበት፣ ቆርቆሮውም ለቆ ኖሮ አስፋልቱ ይታያል። ልጁ እግሩን የሚያሳርፈው በዚያ ላይ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን፣ ከሞተሩ በፊት ወለሉን ተመልከቱ የሚል ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሞተር ይሮጣል፤ ዳሩ ግን የቮልስ ሞተር ትንሽ ስለ ሆነ ባንድ ቀን ወርዶ ይታደሳል፣ ወይም በሌላ ይለወጣል። የዛገ አካል ግን ወራት የሚፈጅ የብየዳ ሥራ ነው። እኛ የከፈልነው የመኪናዪቱን ዋጋ ሲሶ ያህል ነበር።

የኋላውን መቀመጫ አንሡ። ባትሪው በቀኝ በኩል ከመቀመጫው ሥር ነውና፣ ከእርሱ የሚፈሰው አሲድ አስቀድሞ የሚበላው ያንን ቦታ ነው። ባትሪው መሸፈኛ እንዳለውም እዩ። መሸፈኛ ከሌለው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቀጥሎ ምንጣፉን ሁሉ ገልጣችሁ በጣታችሁ ጫኑ። ሻጩ «ምንጣፉ ተለጥፏል፣ ይቀደዳል» ቢላችሁ ለመሄድ ተነሡ፤ ብዙውን ጊዜ በዚያን ሰዓት ምንጣፉ መነሣት ይችላል።

ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄድ ክፍት ቦይ አለ። የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣ ቢሆንም ተግባሩ ይህ ብቻ አይደለም፤ የመኪናዪቱን አካል ደግፎ የሚይዘው እርሱ ነው። ከውስጥ ዝጎ ከውጭ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ይቀርብላችኋል። በዓይን አይለይም። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውሰዱና ከበር ሥር፣ ከጎማዎቹም ዙሪያ እያስጠጋችሁ ሞክሩ፤ ላሜራ ባለበት ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ግን ይወድቃል። በሩን ከፍታችሁ ዝጉት፤ በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ወይም በሩ ካልተነሣ አልዘጋም ካለ፣ አካሉ መጉበጡን ጠርጥሩ።

ሞተሩን በተመለከተ በማለዳ ሂዱ፤ እንደምትመጡም አስቀድማችሁ ለሻጩ ሰዓቱን አትቁረጡ። በመጀመሪያ እጃችሁን በሞተሩ ክዳን ላይ አኑሩ። ሞቆ ከቆያችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ድካምን የምታሳይ ቀዝቅዛ ያደረች መኪና ናትና። ከመነሣቷ በፊት ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ ጨብጣችሁ ወደ እናንተ ሳቡት፣ መልሳችሁም ግፉት። ወዲያና ወዲህ ሲል በእጅ ከተሰማችሁ፣ ወይም ኳ የሚል ድምፅ ከሰጠ፣ የሞተሩ ዋና ኩሽኔታ አልቋል፤ ሞተሩ ሙሉ እድሳት ይጠብቀዋል። ይህን ያሳየን አንድ አረጋዊ መካኒክ ነው፤ ምነው ከመግዛታችን በፊት ባገኘነው ኖሮ! (የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የቀረን መሆኑን ልብ ብላችኋልን? ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። በክፍል ያላስተማርነውን ቋንቋ ሕዝቡ በመፍቻ ተምሮታል።)

ስትነሣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ዘይት ትበላለች፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ይበዛባታል። ቮልስ በነፋስ እንጂ በውኃ ስለማትቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ነፋሱን የሚያሽከረክረው ቺንጋው ነው። እንግዲህ ቺንጋው የተሰነጠቀ፣ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ መሸፈኛዎችም የጎደሉ እንደ ሆነ ሞተሩ በሙቀት ሲቃጠል ኖሯል ማለት ነው። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ማጣሪያዋም ተራ ወንፊት ስለ ሆነ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት፤ ጠቁሮና ወፍሮ ካገኛችሁት ባለቤቷ ቸልተኛ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን በጣታችሁ እጠፉ። ከደረቁና ከተሰነጠቁ፣ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ሊንጠባጠብ ነው፤ ብዙ ቮልስ በመንገድ ላይ የተቃጠለች በዚህ ነው። ቱቦው ርካሽ ነውና ብትገዟትም በዚያው ቀን ለውጡት።

ፍሬኑን፣ መሪውንና ካምቢዮውን ነድታችሁ እንጂ ቆማችሁ አታውቁትም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቁ ማርሹ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው ታሟል። ጎማዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ተበልተው እንደ ሆነም ተመልከቱ። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ አለ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላው መቀመጫ ሥር በመካከለኛው አጥንት ላይ ተቀርጿል፤ የሞተሩ ከዲናሞው መቆሚያ በታች ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። የቮልስ ሞተር ብዙ ጊዜ የተለወጠ ስለሚሆን የሞተሩ ቁጥር ካልገጠመ ሻጩ በመዝገብ ሳያስተካክል አትክፈሉ። የተሠራችበት ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ እንደ ሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር አስመስሎ የሚነግር ሰው መኪናዪቱን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወጣት ያደርጋታል። ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኑን ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ፣ ውሉንም በውልና ማስረጃ ፊት ሳትፈራረሙ ገንዘብ አታስረክቡ።

ያችን ሰማያዊ ቮልስ ከአራት ዓመት በኋላ ሸጥናት። ወለሏ ቢበየድም ከበሮቹ ሥር ዝገቱ እንደገና ጀምሮ ነበር። ደላላው «ስቱኮ አስመትተህ፣ ቀለም አስነክተህ አውጣት፤ ማን ያያል?» አለን። እውነቱን ለመናገር አንድ ሌሊት አሰብንበት፤ የጠፋብን ገንዘብ የልጆች ነበርና። ማለዳ ለባለቤታችን ብንነግራት «የእኛ ልጅ ያየውን የሰው ልጅ ደግሞ ይየው ነው የምትለው?» አለችን። ገዢው ወጣት ሲመጣ መቀመጫውን እኛው አንሥተን፣ ማግኔቱንም በእጁ ሰጠነው። ከበሩ ሥር ሲያደርገው ወደቀ። ከጠየቅነው ብዙ ቀንሶ ጠራ፤ ተስማማን። አሁንም አልፎ አልፎ በመንገድ ሲያገኘን ክላክስ ያሰማናል፤ ቀለሟን አረንጓዴ አድርጓታል።